«100% ታዳሽ» የተባለውን ሶላር ጁስ ቤቴ ላይ አስገጥሜ ያየሁት

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ዕቃው ጥሩ ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን አብዝቶታል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ በወቅቱ ደግሞ ጊሽጣ። ፍራፍሬው ብዙም አያስቸግረኝም። ራስ ምታቴ መብራቱ ነው። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ቬንትሌተር ቆመ ማለት ደንበኛ ተነሣ ማለት ነው። ጁሱን አጋምሶ ይሄዳል። ፍሪጁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተቆራረጠ ፓፓያ በዚያ ሙቀት ከቆየ ለሰው አይሰጥም፤ ይደፋል።

እስከ ቅርብ ጊዜ በጄኔሬተር ነበር የምንገፋው። በር ላይ ይቀመጣል፣ ሲነሣ ሰፈሩን ያናውጠዋል፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱ ደንበኛዬ «ዛሬ ማንጎው ቤንዚን ቤንዚን ይላል» ብሎኝ ያውቃል። ቀልዱን ነው፤ ግን ውሸቱን አልነበረም። ቤንዚን በጀሪካን ማግኘት እንዴት እንደሚያስለቅስ ደግሞ የሞከረ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሶላር ገዛሁ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ጋ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። የገዛሁት ባለ 3 ኪሎ ቪኤ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይር፣ ከቆጣሪውም መቀበል የሚችል ሳጥን)፣ ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ እና ባለ 550 ዋት ሁለት ፓኔል ነው። ከብረቱ፣ ከገመዱ፣ ከብሬከሩና ከገጣሚው ጋር ከ170 ሺህ ብር በላይ ወጣብኝ። ቀላል ብር አይደለም። ዕቁቤ እንዳለ እዚያ ገባ።

ሳጥኑ ላይ በአማርኛ የታተመ ወረቀት አለ። «100% ታዳሽ ኤሌክትሪክ፤ የማያልቅ ኃይል» ይላል። ሻጩም ደገመልኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ አያልቅም። ፀሐይ እስካለች ድረስ አለ። ወላሂ ትገላገያለሽ።» ድሬ ላይ የፀሐይ እጥረት የለም መቼም። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

መጀመሪያ ያስደሰተኝን ልናገር። ከዚህ በፊት ርካሽ ኢንቨርተር በመኪና ባትሪ ሞክሬ ነበር። አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ጁስ መፍጫውን ስትሰኩበት ግን ድምፁ ይለወጣል። ያጉረመርማል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ይግልና የተቃጠለ ነገር መሽተት ይጀምራል። ርካሾቹ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ እያለ የተቆራረጠ ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ለስላሳ ሞገድ ይፈልጋል። አዲሱ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለው ዓይነት ነው። አቮካዶ ከበረዶ ጋር ጭኜ አስነሣሁት፤ በቆጣሪ መብራት እንደሚሠራው ሠራ። ሁለተኛውን መፍጫ ጨመርኩ። በመሐል ፍሪጁም ተነሣ። ፍሪጅ ሲነሣ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ የድሮው ኢንቨርተር እዚህ ላይ ነበር ጩኸቱን የሚለቀው። ይሄኛው ምንም አላለም። መብራት ሲጠፋም ቶሎ ይቀበላል። አሁን ደንበኞቼ መብራት መሄዱን የሚያውቁት የጎረቤት ጄኔሬተር ሲጮህ ነው። ለዚህ ሙሉ ነጥብ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሁሉ ነገር አማን ይመስል ነበር። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ባትሪው ሙሉ፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል። ለቆጣሪው ካርድ የማወጣው ብር ግን ቅንጣት አልቀነሰም። እንደ ድሮው እሞላለሁ፣ እንደ ድሮው ያልቃል። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ያማል። ገጣሚው ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፣ ይስተካከላል» አለኝ። ምኑ እንደሚስተካከል አልነገረኝም።

በመጨረሻ ሌላ ኤሌክትሪሺያን፣ የሰፈራችን ልጅ፣ መጥቶ የኢንቨርተሩን ሜኑ ከፈተው። የመጀመሪያው ሴቲንግ «የመንግሥት መብራት ይቅደም» ላይ ነው። ብዙዎቹ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ የሚመጡት እንዲህ ሆነው ነው። በዚህ ሴቲንግ መብራት እስካለ ድረስ ቤቱ የሚሠራው በቆጣሪው ነው። ሶላሩ ባትሪውን ይሞላና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከላይ የድሬ ፀሐይ ፓኔሉን ሲጠብሰው ይውላል፤ ከታች እኔ ካርድ እሞላለሁ። ገጣሚው አልነካውም፤ ሻጩም አልነገረኝም። ልጁ አንድ ሁለት ቁልፍ ተጫነ፣ «ሶላር ይቅደም» አደረገው፣ አለቀ። የዚያን ወር ካርዱ ከግማሽ በላይ ተረፈኝ።

እንግዲህ አስቡት። ቁልፉ ከመነካቱ በፊትም በኋላም ሶኬቱ ያው ሶኬት ነው። መፍጫውም ያው፣ ጁሱም ያው። የተለወጠው ከወዲያ በኩል የሚገባው ነው። የኔ ኢንቨርተር በሦስት መንገድ ይመገባል፤ ከጣሪያው፣ ከቆጣሪው፣ ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ ከጄኔሬተሩ። የሚያወጣው ግን በአንድ ገመድ ነው። ታዲያ ሳጥን ላይ «100% ታዳሽ ኤሌክትሪክ» ብሎ መለጠፍ እንዴት ይሆናል? ኤሌክትሪክ እንደ ድንጋይ ከሰል አይቆፈርም፣ እንደ ነዳጅ ዘይት አይቀዳም። ከሌላ ነገር ነው የሚሠራው። ሰው መጥቶ «ጁስ ጣፋጭ ነው?» ቢለኝ «የምኑ?» ነው የምለው። ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው። ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከወራጅ ውኃ፣ ከመሬት ውስጥ እንፋሎት ከመጣ ታዳሽ ነው። ከናፍጣ፣ ከድንጋይ ከሰል፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ከመጣ አይደለም፤ እነዚያ አንዴ ከነደዱ ለመተካት ሚሊዮኖች ዓመት ይፈልጋሉ። በገመዱ ውስጥ ሲያልፍ ግን ሁሉም አንድ ነው።

ይህን ቤቴ ውስጥ ሳነሣው ክርክር ሆነ። ድሬ ነው መቼም፤ እዚህ በብርጭቆ መጠንም ይከራከራሉ። አንዱ ባለባጃጅ «አቦ ምኑ ያከራክራል? የኛ መብራት ውኃ ነው፣ ውኃ ይታደሳል፣ በቃ!» አለ። አብዛኛው እውነት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው። የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስም አለ። ወደኛ አቅጣጫ ደግሞ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ የአይሻ ነፋስ አለ፤ ያ ሜዳ ላይ ከመኪና የወረደ ሰው ለምን እዚያ እንደተተከለ ይገባዋል። ነጠላ አያስቀምጥም። ስለዚህ ኢንቨርተሬ «የመንግሥት መብራት ይቅደም» ላይ ሆኖ የከረመበት ጊዜ ራሱ ከሞላ ጎደል ታዳሽ ነበር። ልዩነቱ ያኔ ካርድ መሙላቴ ላይ ነው።

ያን ቀን ከጅቡቲ የመጣ ዘመዴ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስፕሪሱን አስቀምጦ ገባበት። ጅቡቲ ለረጅም ጊዜ መብራቷን የምታመነጨው በመርከብ ከሚመጣ ነዳጅ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ባለ 230 ኪሎ ቮልቱ መስመር ተመረቀ፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአዲጋላ በኩል ይሻገራል። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ መብራት ትልቁ ድርሻ ከኛ የሚሄድ ነው። «ፍሪጄን አልቀየርኩም» አለ ዘመዴ። «ያው አሮጌው ነው። ድሮ በናፍጣ ነበር የሚያቀዘቅዝልኝ፣ አሁን በናንተ ወንዝ ነው።» ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እዚሁ ከተማችን ውስጥም ምድር ባቡር አለላችሁ። በ1895 ዓ.ም. ድሬ የገባው በእንፋሎት ነው፣ ኋላ በናፍጣ ሄደ፣ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ፓፓያ ያለ ስኳር። ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው የሚናገሩት። «ታዳሽ ማለት ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም» አሉ። «ግንቦት 2011ን ረሳችሁት?» አልረሳነውም። የጊቤ 3 ውኃ አንሶ አገር በሙሉ በፈረቃ ገባ። ለሱዳን የሚሸጠው ቆመ፣ ለጅቡቲ የሚሄደው በግማሽ ተቀነሰ። ውኃ ይታደሳል፤ የሚታደሰው ግን ዝናብ ሲዘንብ ነው። ጋሼ አባ ሳሙኤልንም ጨመሩበት። አቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋዋት ብቻ። ግድቡ በደለልና በአረም ተሞልቶ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ነው ታድሶ የተመለሰ። ወንዙ አልደረቀም። የሞላው ማጠራቀሚያው ነው። ከዚህ በኋላ ባለባጃጁም ዝም አለ፤ ሒሳቡን ግን አልከፈለም፣ ነገ አለኝ።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። የኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ግድብ ስለደረቀ አይደለም። ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ነፋስ ገመድ ያጋጫል፣ አንዱ ፌዝ ይሄዳል፣ ሁሉም ሰው ቬንትሌተሩንና ኤሲውን ባንዴ ሲከፍት መስመሩ አይችልም። ምንጩ የቱንም ያህል ታዳሽ ቢሆን የመጨረሻዋ ምሰሶ ከወደቀች ጁስ የለም። ሶላር የገዛሁት ለዚህ ነው እንጂ ከግድቡ ተጣልቼ አይደለም።

ወደ ዕቃው ልመለስ፤ ስለ ሙቀቱ ማንም አልነገረኝም። ፓኔል ብርሃን ይወዳል፣ ሙቀት አይወድም። ሳጥኑ ላይ ያለው 550 ዋት የተለካው ፓኔሉ ራሱ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ዲግሪ የአንድ በመቶ ሲሦ ገደማ ይቀንሳል። የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር ፓኔሉን በእጃችሁ ንኩት፤ ቶሎ ነው የምታነሡት። ሁለቱ ፓኔሎች በወረቀት 1,100 ዋት ናቸው። በጠራ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፍሪጁም መፍጫውም እየሠሩ፣ ስክሪኑ ላይ የማየው 850 አካባቢ ነው። ብልሽት አይደለም፣ የአገሩ ጠባይ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አጣብቀውት ነበር። የሰፈራችን ልጅ ብረቱን ከፍ አድርጎ ከሥር አየር እንዲያልፍ ሲያደርገው ቁጥሩ ትንሽ ተሻሻለ። ባትሪው ሞልቶ፣ የሚሠራ ዕቃም ከሌለ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ያን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

አቧራው ደግሞ አለ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነፋሱ ሲነሣ ቀኑን ሙሉ ያለብሰዋል። ልጆቼ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል። በቀትር ቀዝቃዛ ውኃ የጋለ መስተዋት ላይ መድፋት አይሆንም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ማታውን ባትሪው ይሸከማል። ባለ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፍሪጁን፣ ሁለት ቬንትሌተር፣ አምፖሎቹንና መፍጫዎቹን ይዞ ፀሐይ ከገባች እስክንዘጋ ያደርሰኛል። ጫት ቅመው የሚመጡት ደንበኞቼ ማታ ማታ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ዋናው ገቢዬ ይህ ሰዓት ነው። አንድም ማታ አላሳፈረኝም። ደመና ከዋለ ብቻ ማታ ላይ ከቆጣሪው ይቀበላል።

«የማያልቅ» የሚለው ግን እዚሁ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ፀሐይዋ አታልቅም፣ ባትሪው ያልቃል። የኔ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ከአሲድ ባትሪው ይሻላል። አሲዱን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፤ ይሄኛው ያን ያህል አይጎዳም፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ሞልቶ ይወርዳል። ሙቀት ግን ይበላዋል። ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ማድረግ አይመከርም። ገጣሚው ጓዳ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ከፍ አድርጎ ሰቅሎት ሄደ። ድሬ ላይ! አስወርጄ ባንኮኒው ሥር ሲሚንቶው ላይ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሊቲየሙም መዳቡም ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ አይመለሱም። የድሮውን የመኪና ባትሪ ቆራሌው በኪሎ ወስዶልኛል። ይሄኛውንስ ብዬ ጠየቅኩት። ዞሮ ዞሮ አየውና «እሱን እንኳ አልፈልገውም፣ እርሳስ የለውም» አለኝ። ሻጩም መልሶ አይቀበልም። ዕድሜው ሲያልቅ የት እንደምጥለው የሚናገር ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ የለም።

የሱቁን ስም ያልጠራሁበት ምክንያት ዋስትናው ነው። ስገዛ «ሁለት ዓመት» ተባልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ለኢንቨርተሩ ብቻ ነው። ስለ ባትሪው ስጠይቅ «እሱ የፋብሪካው ነው» ተባለ። ፋብሪካው ቻይና ነው፤ በባጃጅ አይኬድም። ዋጋው ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ባትሪው ነው። ሴቲንጉን ስነግረው ሻጩ ሳቀና «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚወስደው፣ ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ዕቃውን ራሱም በደንብ አያውቀውም። ሻይ ግን ጋበዘኝ፣ ለዚያ ምስጋና።

ነጥቤ ይሄ ነው። ኢንቨርተሩ ከ5 5። ፓኔሉ 4፣ ሙቀቱን አስቤለት ነው። ባትሪው 4። ገጣሚው 2፣ እሱም ስለመጣ ብቻ። ወረቀቱ ዜሮ። የምትገዙ ካላችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ኢንቨርተሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስበሩና የመጀመሪያው ሴቲንግ ምን ላይ እንዳለ አስነብቡ። የባትሪውን ዋስትና ለብቻው አስጽፉ፣ ማህተም አስመቱበት። ሳሎን ውስጥ ቲቪና አምፖል ብቻ ላለው ሰው ይሄን ያህል አያስፈልገውም፣ አንድ ፓኔልና ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። እንጀራ በኤሌክትሪክ የምትጋግሩ ደግሞ በዚህ ተስፋ አትጣሉ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ይሄ ኢንቨርተር ገና ሳይሞቅ ያጠፋዋል። ለምጣዱ ቆጣሪውን ጠብቁ።